ያለ ድምፅ የተጣሉት ባልና ሚስት

አባቴና እናቴ መጣላታቸውን ለዘመድ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ስላልበቀሉ ወሬው በፉጨት ታጅቦ ነበር የሚወጣው፤ ቢሆንም አንድም ነገር አላስቀረሁም። ማን ማንን እንደመታ፣ ማን ግንባሩን እንደቋጠረ፣ ማን በመጨረሻ አንገቱን እንደደፋ፣ ሁሉንም ለአክስቴ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ያየሁት በሙሉ እውነት ነበር። የተሳሳትኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልተጣሉም።

አባቴ የሚተዳደረው በድምፁ ነበር። አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን አይከብድም። እሱ ከተናገረ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ እንኳ አይቆጣም ይባል ነበር። እናቴ ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከሳሎናችን ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል የስፌት ክፍሏ ነበረች።

ታናሽ ወንድሜ አይሰማም። ገና በእግሩ መሄድ እንደጀመረ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው፤ ትኩሳቱ ሲለቀው መስማቱን ይዞበት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገውን ሁሉ በጣቱ እያመለከተ ስለሚያዘን «ሹሙ» እንለው ነበር። ጣቱን ወደ እንስራው ቢቀስር ውኃ፣ ወደ ኳሱ ቢቀስር ኳስ ይመጣለታል። ከዚያ ያለፈ ጨዋታ ግን አልነበረንም። ሹም ያዛል እንጂ አያወጋም።

እኔን በተመለከተ፣ በቤታችን ምስጢር የሚቆየው እኔ እስካየው ድረስ ብቻ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ «ይቺ ልጄ ወሬ አትቋጥርም» ትል ነበር። እኔም ምስጋና መስሎኝ ደረቴን እነፋለሁ።

ወሬዬን በደስታ የምትቀበለኝ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቤቷም ከኛ ቤት በአንድ አጥር ብቻ ይለያል። አክስቴ ዕድሜዋን በሙሉ ሆስፒታል ስለሠራች በበሽታ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ነበረች። ሆስፒታል መሥራቷ እውነት ነው። የሠራችው ግን የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ሆና ነው። ስለ ወንድሜም የማያዳግም ምርመራ ሰጥታ ጨርሳለች። ልጁ ሰነፍ ነው፤ መድኃኒቱም ጮክ ብሎ መናገር ነው። በመጣች ቁጥር ትከሻውን ይዛ ጆሮው ውስጥ «አክስቴ በል» ብላ ትጮኽበታለች። እሱ ፈገግ ይልና ጆሮውን በእጅጌው ይጠርጋል። በእጅ ምልክት ስለመነጋገር የሚያነሳባትን ሰው ደግሞ አትወድም። «እጅ ካወራ ምላስ ይሰንፋል» አለች፤ አለቀ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ዝምተኛ ሰው ነው ይባል ነበር።

ነገሩ የጀመረው የስፌት ክፍሉ በር መጋረጃ ያበጀ ዕለት ነው። በሩ ከወገብ በላይ መስታወት ነው፤ እናቴ ለሰው መስኮት ሁሉ መጋረጃ ስትሰፋ የራሷን በር ራቁቱን ትታው ነበር የኖረችው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አገኘሁት። ልጅ ባልሆን እንኳ ያጠራጥረኝ ነበር። ቁርጥራጭ ስለሆነ ግን በስተቀኝ በኩል ጠርዙ አልደረሰም፤ አንድ ዓይን የምታሳልፍ ክፍተት ቀርታለች። እኔም የሚበቃኝ አንድ ዓይን ነበር።

አባቴ ከሥራ መልስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ክፍሉ መሃል ቆሟል። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተቀምጣለች፤ መኪናው አይሠራም። አባቴ ግንባሩን ቋጠረ፤ ደረቱን በመዳፉ መታ፤ ጣቱን ወደ እናቴ ቀሰረ፤ ከዚያ ሁለት እጁን አንድ ነገር እንደሚወረውር ሰው ወደ ጎን በተነ። እናቴ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች። እሱ ያንኑ ደገመው፤ አሁን ጉንጩንም ነፋ። እናቴ ተነሳችና ሄዳ የእጁን ጀርባ በጥፊ መታችው። ሲናገር ጣቢያው ሁሉ ጸጥ የሚልለት አባቴ እጁን እያሸ አንገቱን ደፋ። ይህ ሁሉ ሲሆን ትንፍሽ ያለ የለም።

የጎረቤት ጠብ አውቃለሁ። የጎረቤት ጠብ ሳህን አለው፣ ስድብ አለው፣ ማልቀስም አለው። ይሄኛው ድምፅ አልባ ስለሆነ የባሰ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ሹሙ እንዳይሰማ መጠንቀቅ አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ ዝም ብለው የሚጣሉት እኔ እንዳልሰማ ነው። ለኔ ብለው መጨነቃቸው ትንሽ አኮራኝ፤ ከኩራቱ በኋላ ግን ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ ማስረጃው በየቀኑ ይጨምር ጀመር። አባቴ ጢሙን ሲላጭ መስታወት ፊት ቅንድቡን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ያደርጋል። ራት ላይ ኪሱ ውስጥ እጁ ይንቀሳቀሳል። እናቴ እሱን እያየች ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች፤ እኔ የምሬት ሳቅ ነው አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ጨው አቀብለኝ ብላ በእጇ አንድ ነገር ስታደርግ አባቴ ስኳር አቀበላትና ሁለቱም እኔን አይተው ደነገጡ።

እንግዲህ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እየጠየቅኩ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ወላጆቼ ወንድሜን ይዘው መስማት ለተሳናቸው ልጆች ድጋፍ ወደሚሰጥበት ቢሮ ከተመላለሱ ሰንብተዋል። በዚያ ቢሮ ደጃፍ የሚቀመጠው ዘበኛ ተረኛውን የሚጠራው በጩኸት ነበር። የሚጠሩት አብዛኞቹ የማይሰሙ ሰዎች ናቸው። ይጠራል፣ ማንም አይነሳም፣ «አልቀረበም» ይላል፣ ቀጣዩን ይጠራል። ያልቀረበው ሰውዬ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ተራውን በትዕግሥት ይጠባበቃል። አባቴ ይህን ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ መቀመጥ አቃተው። በኋላ ሲነግረኝ ያናደደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግፉ፤ ሁለተኛው አጠራሩ። ሰውዬው በአፍንጫው ነበር የሚጠራው። ተነሳና ወደየሰዉ እየሄደ ትከሻ መታ እያደረገ፣ በሩን እያሳየ ተራ ማስያዝ ጀመረ። ከነዚያ ተራቸው ካለፈባቸው አንዷ ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ሴት ነበረች። አመሰገነችውና በእጇ «ተራ» ማለትን አሳየችው። የመጀመሪያ ትምህርቱ ያ ነው።

ሴትዮዋ አስተማሪ ናት፤ ራሷም አትሰማም። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ለማይሰሙ ልጆች አንድ ክፍል ሊከፈት ነበር፤ የምታስተምረው እሷ ናት። ቦታው ጥቂት፣ ልጁ ብዙ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚያገኙት ቤታቸው ውስጥ በእጅ የሚያናግራቸው ያለ ልጆች ናቸው፤ ቀን የተማረውን ማታ የሚያወራው ሰው ያጣ ልጅ እንደሚረሳው ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። የቀሩትን ቢሮው ሌላ ከተማ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይልካቸዋል፤ እዚያ ያድራሉ፣ እዚያ ያድጋሉ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ይመጣሉ። አስተማሪዋ ቤት ድረስ መጥታ እናትና አባት ልጁን ሲያናግሩት አይታ ትወስናለች። ወንድሜ ቤት መቅረቱ ወይም መሄዱ በአባቴ እጅ ላይ ወድቆ ነበር።

እጁ ደግሞ እንጨት ነበር። እናቴ መርፌ የያዘ እጅ ስላላት ቶሎ ገባት፤ እኔ ትምህርት ቤት ስውል ከወንድሜ ጋር ቀስ በቀስ ማውጋት ጀምራለች። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ በአፉ የኖረ ሰው ነው። እጁ ከተነሳ አፉ አብሮ ይከፈታል፤ አፉ ከተከፈተ እጁ ሥራውን ይረሳል። አስተማሪዋ አፉን ዘግቶ፣ ፊቱን ከፍቶ እንዲለማመድ አዘዘችው፤ በዚያ ቋንቋ ቅንድብና ጉንጭም ይናገራሉና። ጣቱን ባጣመመ ቁጥር እናቴ እጁን ትመታዋለች። ወንድሜ ፊት ደግሞ ጨርሶ ደፍሮ አልሞከረም። ልጁ እንዳይስቅበት ፈራ።

ለአክስቴ ያልነገሯት ምላስ ስለሚሰንፍ ነው። ለኔ ያልነገሩኝ ለአክስቴ ስለማልደብቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠብ ነበር፤ እኔ ያየሁት ጊዜ ግን አይደለም። ጠቡ የነበረው ከዚያ በፊት፣ ቤቱ በወሬ ሞልቶ በነበረበት ዘመን ነው። ወንድሜ በታመመ ቀን እናቴ ሐኪም ቤት እንውሰደው ስትል «ነገ ይሻለዋል» ያለው አባቴ ነበር። እናቴ ይህን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም፤ እሱ ግን በየቀኑ ይሰማው ነበር። ስለ ዳቦ፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ጫማዬ ማለቅ ያወራሉ፤ አንዳቸው ድስት እያማሰሉ፣ ሌላኛው ጫማ እያሰሩ። የስፌት ክፍሉ ውስጥ ግን ጀርባ ሰጥቶ መናገር አይቻልም፤ የምታናግረውን ሰው ፊቱን ካላየኸው አልሰማኸውም። እናቴ አንድ ጊዜ «ከሠርጋችን ወዲህ አባትሽ ፊቴን ያን ያህል አይቶት አያውቅም» ብላኛለች። እንግዲህ እኔ ጠቡ ሲያልፍብኝ ኖሬ ዕርቁን ነው ጠብ ብዬ ለዘመድ ያደረስኩት።

ወደ ወሬዬ ልመለስ። እናቴ ምሳ ዕቃ አስይዛ ወደ አባቴ ላከችኝ። በመስኮቱ የለም፤ ሌላ ሰው ተክቶታል። ከጣቢያው ኋላ፣ አሮጌ ጎማ ከተከመረበት አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘሁት። አጠገቡ አንዲት ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ሴት አለች። እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አባቴ ይስቃል፤ ያውም ያለ ድምፅ። እኔ ጎማው ኋላ ቆሜ የጠቡን ሥር አገኘሁት። ምሳ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬም በላሁት። ለማስረጃ ላቆየው አስቤ ነበር፤ ራበኝ።

አክስቴ ጓሮ የታጠበ አንሶላ ስታጥፍ ደረስኩ። ከመስታወቱ በር ጀምሬ እስከ አግዳሚው ወንበር ስነግራት የአንሶላው ጫፍ ከእጇ ወደቀ፤ ከአክስቴ እጅ የወደቀ አንሶላ መሬት ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እጁን ያዘችው?»

«ጣቶቹን፤ አንድ በአንድ።»

«እሱስ?»

«ሳቀ። ግን ድምፅ የለውም።»

«እናትሽስ ይሄን ታውቃለች?»

«ሳታውቅ ትመታዋለች?» አልኩ።

አክስቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለች። «የናንተ ቤት ዝምታ ግን ነቅዟል።» ከዚያም ዕረፍት ቀን ጠብቃ ከባሏ ጋር መጥታ እንደምታስታርቃቸው፣ እኔም እስከዚያ አፌን እንድይዝ ነገረችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ወሬ ቋጠርኩ። 

የዕረፍቱ ቀን ስነቃ ቤቱ ታጥቦ፣ አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የወንድሜ ጠጉር በውኃ ተለጥፎ አገኘሁ። አክስቴ እንደምትመጣ በምን አወቁ ብዬ ተገረምኩ። በሩ ሲንኳኳ ሮጬ ከፈትኩ። አጭር ጠጉር ያላት ሴት ቆማለች። ይባስ ብሎ እናቴ ከኋላዬ መጥታ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ወንበር ሳበችላት። እናቴ ባሏን በሰላም ልታስረክብ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የሠርጉ ልብስም ትርጉሙ ገባኝ። ከበሩ ኋላ ቆሜ አባቴ ሄዶ ወደሚኖርበት ቤት ይዘውኝ ይሄዱ ወይም ይተዉኝ እንደሆነ ማሰላሰል ጀመርኩ፤ ልብሴን ሁሉ ይዤ መሄድ እችል እንደሆነም።

ሴትዮዋ ወንድሜን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። መጀመሪያ እናቴ ነበረች። እጇ ጨርቅ ላይ እንደሚሄደው በእርጋታ ሄደ፤ ወንድሜ ተመለከተ፣ መለሰ፣ ሳቀ። ሹሙ ጣቱን ሳይቀስር የሆነ ነገር ሲናገር ሳይ አፌ ተከፈተ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ከደረቱ አርቆ ቆመ። አንድ ነገር አደረገ። ወንድሜ ትክ ብሎ አየው፤ አልገባውም። አባቴ ደገመ፤ ላብ በግንባሩ ወረደ። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሴትዮዋ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ማዘን ነበር፤ ያም ይበልጥ አስፈራ። እናቴ የቀሚሷን ጨርቅ ጨበጠች። በዚህ መሃል አክስቴ ገባች። አክስቴ አታንኳኳም።

ባሏ ከኋላዋ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተከተላት። አክስቴ እንግዳዋን አየች፤ ጠጉሯን አየች፤ እኔን አየችኝ። እሷ ናት ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ የተዘጋጀችበትን ንግግር ቆማ ጀመረች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች። «ያለ እናት ያሳደግኩት ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ። ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ያለ ነው። ግን ይቺ ልጅ ዓይኗን በጨው አጥባ ትዳር የምታፈርስበት ቤት ውስጥ ገብታ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እኔ በቁሜ ልይ?»

እናቴ «እትዬ» ብላ ተነሳች። ሴትዮዋ ግን እጇን ዘርግታ አስቀመጠቻትና ወደ አባቴ ዞራ ቅንድቧን አነሳች፤ ምን እያለች ነው ማለቷ ነው። አባቴ በአፉ «ምንም፣ ምንም» አለ። ሴትዮዋ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። እናቴ ልታስተረጉም እጇን ስታነሳ አሁንም ከለከለቻት። እሱ፣ ብላ አመለከተች።

አባቴ እህቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ እጁን አነሳ። እስከ ዓይን ድረስ ደህና ሄደ። ከዚያ ከጨው ማሰሮ እንደሚዘግን ዘግኖ ዓይኑን አሸ። ሴትዮዋ ግራ ተጋባችና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ለምን ጨው ትላለች» አለ አባቴ ለአክስቴ፤ «ያቃጥላል እኮ ትላለች።»

«ምን ማለት ነው ለምን ጨው?» አለች አክስቴ። «አታፍርም ማለቴ ነው። ባል ትቀማለች ማለቴ ነው።»

አባቴ ቀላ። ይህን ደግሞ ማስተርጎም ነበረበት። እናም አስተረጎመ። ከእፍረቱ ብዛት ይሁን ከንዴቱ አላውቅም፣ እጁ ከእንጨትነቱ ወጣ። ግንባሩ ተቋጠረ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ ጣቶቹ እየተጣደፉ ሄዱ። እህቱን አሳየ፣ ራሱን አሳየ፣ ቀለበቱን ከጣቱ እንደሚመነጭቅ ሰው አደረገ። ወንድሜ ከግድግዳው ዞሮ ማየት ጀመረ።

ሴትዮዋ ሳቀች። በድምፅ ሳቀች፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ሳቋ ከሁላችንም ይበልጥ ወጣ። አክስቴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች። ከዚያ ሴትዮዋ መልስ ሰጠች፤ አባቴም በዚያ የጣቢያ ድምፁ፣ እሷን ሆኖ፣ አንድም ቃል ሳይቀንስ ተናገረ።

«እኔ ይህን ሰውዬ አልፈልገውም። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሱ እጀ ደረቅ አላየሁም። ሚስቱ ብትታገሰው የሷ ጉዳይ ነው።»

እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

«ካስተማርኳቸው?» አለች አክስቴ። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል መመርመር ያዝኩ።

ነገሩ ሲገለጥላት አክስቴ ያልጠበቅነውን አደረገች፤ አልተቆጣችም። ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ከኔ ደበቃችሁ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ።

አባቴ ፊቷ ቆመ። «እታለም፣ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። «ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ሁሉ አናግሬ እገባለሁ። ከልጄ ጋር ግን አንድ ቀን አላወራንም። አሁንም ካላናገርኩት ይወስዱብኛል።» ይህን ሲናገር እጁም አብሮ እየተናገረ ነበር፤ ሳያስበው። አስተማሪዋ አፍህን ዝጋ አላለችውም።

በዚህ መሃል አስተማሪዋ የአክስቴን ባል ስታየው ቆይታ ነበር። አንድ ነገር ለአባቴ ነገረችው፤ አባቴ ለማስተርጎም ትንሽ አመነታ። «ይህ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማው ትላለች» አለ። አክስቴ ዝምተኛ እንጂ ጆሮው ደህና እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ከባሏ ጀርባ ቆመችና በዝግታ ጠራችው። ባርኔጣውን እያሻሸ ፊት ለፊቱን ማየቱን ቀጠለ። ከፍ አድርጋ ጠራችው። ባርኔጣውን ገልብጦ ውስጡን አየ። አክስቴ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ለረጅም ጊዜም አላነሳችም።

ያኔ ነው ወንድሜ ከወንበሩ ወርዶ የአባቴን ኮት የጎተተው። አባቴ ዝቅ አለ። ወንድሜ የአባቴን አፍ በጣቱ ነካና የራሱን አፍ በሰፊው ከፈተ። ከዚያ ሁለት ጣቱን እግር አድርጎ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስኬደ፤ ሻንጣ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች፣ ሌሎች፣ ሌሎች፣ ሁሉም ከጠርዙ እየወደቁ ይጠፋሉ። በመጨረሻ ጣቱን ደረቱ ላይ አደረገና ሁለቱንም ቅንድቦቹን አነሳ።

አባቴ አልገባውም። እናቴ ግን ገባት፤ ሳቋን አቆመች። ጨርቅ ልትገዛም መጋረጃ ልትሸጥም ስትወጣ ወንድሜን ይዛ አባቴ ያለበት ጣቢያ ጎራ ትል ነበር። እሱ በመስኮቱ በኩል ያየው እንዲህ ነው፤ አባቱ አፉን ይከፍታል፣ ሰዎች ሻንጣቸውን አንስተው ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። በቀን ስንት ጊዜ እንዲያ ይሆናል። ወንድሜ ጫማውን የመደበቅ አመል ነበረበት፤ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ቁም ነገር ስላልመሰለኝ ነው። አንዱን ከአልጋ ሥር፣ አንዱን ከእንስራው ኋላ እናገኘዋለን። የሚጠፋው አባቴ ጎንበስ ብሎ በአፉ ሊያናግረው በሞከረ ቁጥር መሆኑን ያን ቀን ነው ያገናዘብነው።

«እኔስ መቼ ነው የምሄደው ነው የሚልህ» አለችው እናቴ።

አባቴ በሠርግ ልብሱ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ፊቱ ሁሉ እርጥብ ነበር፤ ፊቱን ግን አልሸፈነም፤ የሚናገርበት ፊቱ ነው። በሁለት ጣቶቹ አንዲት ትንሽ ወረቀት በአየር ላይ ሠራ፤ መንገደኞች በር ላይ የሚያሳዩዋትን። ወንድሜን አመለከተ። ከዚያ ሁለት ባዶ መዳፎቹን ዘርግቶ አወዛወዘ። አንተ ትኬት የለህም።

ወንድሜ አሰበበት። ጣቱን ወደ እናቴ ቀሰረ። አባቴ መዳፎቹን አወዛወዘ፤ የላትም። ወደኔ ቀሰረ። የላትም። በጣም ደስ አለኝ፤ እንደሌለኝ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ወደ አስተማሪዋ ቀሰረ። አስተማሪዋ አባቴ እስኪመልስ አልጠበቀችም። አዎ፣ እኔ ትኬት አለኝ፣ እሄዳለሁ አለችው በእጇ፤ አንተ ግን ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ትመጣለህ፣ ማታ ማታ ወደዚህ ቤት ትመለሳለህ። እናቴ ይህን ጮክ ብላ ተረጎመችልን።

ቀረች አክስቴ። ወንድሜ ጣቱን ቀሰረባት። አባቴ ወደ እህቱ ዞረ።

«ምን አለ?» አለች።

«አንቺስ ትሄጃለሽ ወይ ነው የሚለው። ትኬት እንዳለሽ እየጠየቀኝ ነው።»

አክስቴ ተነስታ ወደ ወንድሜ ሄደች፤ እንደ ልማዷ ጆሮው ላይ ልትጮኽ ትከሻውን ያዘች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ቦርሳዋን ለባሏ ሰጠችና ልጁ ፊት ጎንበስ ብላ፣ በሳሙና ዕድሜዋን ሙሉ የተላጡትን ሁለት ባዶ መዳፎቿን ዘርግታ አወዛወዘች።